ከመሥሪያ ቤት መኪና ወርጄ ሳይክል ስገዛ

ግንቦት 2016 ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት መኪና ተጭኜ ከቦንጋ ወደ ማንኪራ አቅጣጫ ወጣሁ። መንገድ ላይ ባለች አንዲት ቀበሌ የውሃ ቦኖ ይመረቅ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ቧንቧው ተከፈተ፣ እልልታው ቀለጠ፤ እኔም ፎቶዬን አነሳሁ። ምሳ በላን፣ አበል ተፈረመ። ማታ ቦንጋ ገብቼ የኅብረተሰቡ የዓመታት የውሃ ጥያቄ ምላሽ አገኘ የሚል ዜና ጽፌ ላክሁ። ተከፈለኝም።

መስከረም ላይ ቦንጋ ገበያ ውስጥ አንዲት እናት እጄን ያዝ አደረጉና "አንተ ልጅ፣ የዚያን ዕለት ፎቶ ስታነሳ የነበርከው አይደለህም?" አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። "ውሃው እኮ እናንተ በሄዳችሁ በሳምንቱ ቆመ። ለዚያ ሰው ንገርልን።" የትኛው ሰው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እሺ እማማ አልኩና ሄድኩ።

የዛሬው ጉዳዬ ግን ሳይክል ነው። ስለ ሳይክል ብዙ ጠይቃችሁኛልና እሱን ልንገራችሁ ብዬ ነው የጀመርኩት። ያለዚህ ታሪክ ግን አንድ የሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው፣ ያውም ዲግሪ ያለው፣ ቦንጋ ከተማ ውስጥ ኮርሳ ሳይክል ላይ ምን እንዳወጣው አይገባችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ደመወዝ የለኝም። የሚከፈለኝ በጽሑፍ ነው። አንድ ገጠር ቀበሌ ደርሼ ለመመለስ ሞተር ብኮናተር የጽሑፉን ክፍያ ግማሽ ይበላዋል፤ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ሰንብቷል፣ ያውም ማደያ ላይ ሲገኝ ነው። በጀሪካን ከሚሸጡት ከገዛችሁ ሌላ ሒሳብ ነው። ስለዚህ እንደኔ ያለው ሰው የመሥሪያ ቤት መኪና ይጠብቃል። በመኪናው የሄደ ደግሞ መኪናው የቆመበትን አይቶ ይመለሳል። ማንም "እንዲህ ብለህ ጻፍ" ብሎኝ አያውቅም። ማለትም አያስፈልግም። መኪናው ማለዳ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል፣ ከመኪናው ተነጥሎ የሚያድር የለም። በሳምንቱ የሚቆም ውሃ ደግሞ በዚያ ቀን አይቆምም።

ሳይክል ታሰበኝ። ለምን ኮርሳ? የምዘግብባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ወደ ሚዛን በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ናቸው። ወደ ጅማ አቅጣጫ ጊምቦ አለ፤ ወደ ሚዛን አቅጣጫ ውሽውሽ ከነሻይ ልማቱ አለ። አስፋልት ላይ በቀጭን ጎማና በቀላል ሳይክል የሚሄድ ሰው በወፍራም ጎማ ከሚሄደው ድካሙ ያንሳል። ይሄ ምክንያቱ ነው። እውነቱን ካወጣሁ ግን ሌላም አለ። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ገና ወጣት ነበርኩ፤ የጎረቤታችን የኤርትራው ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2024 እዚያው ውድድር ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ በስልኬ ተቀምጬ አይቻለሁ። የዳታውን ወጪ አትጠይቁኝ። በነገራችን ላይ አገራችን በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ የላከችው ሯጮችን ብቻ አልነበረም፤ እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል ተወዳድረዋል። ሳይክል እንግዳ ነገራችን አይደለም። የክፍሎቹን ስም እንኳ ከጣሊያን ወርሰን ቸርኬ፣ ራጂ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ እያልን እንጠራለን።

ገንዘቤ 18 ሺህ ብር ነበር። አንድ ወዳጄ ከሐምሌ 2016 በፊት በ11 ሺህ ብር የገዛትን ዓይነት ሳይክል በጥር 2017 ስጠይቅ 19 ሺህ ተባልኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይመራ ሲባል ባንክ ላይ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ስለ ማክሮ ኢኮኖሚ ማሻሻያው ሁለት ጽሑፍ ጽፌያለሁ፤ ለእኔ የገባኝ ግን መርካቶ ሳይክል ዋጋ ስጠይቅ ነው።

ጥምቀት እንዳለፈ ለሌላ ሥራ አዲስ አበባ ወጣሁና ሁለት ቀን ሳይክል ስፈልግ ዋልኩ። በመጨረሻ ሦስት ሳይክሎች ፊቴ ቀሩ።

አንደኛው አዲስ የቻይና ጊር ሳይክል፣ 17,500 ብር። ፊትም ኋላም ሾክ አለው፣ ዲስክ ፍሬን አለው፣ 21 ጊር አለው፣ ፕላስቲኩ ገና አልተላጠም። ያየው ሰው ሁሉ ይሄን ግዛ አለኝ። ሳነሳው ግን ወገቤ ሰማው። ርካሽ ሾክ ማለት፣ ዳገት ላይ ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር ጉልበታችሁን ጎማው ሳያገኘው ስፕሪንጉ ይውጠዋል። ርካሽ ዲስክ ፍሬን ደግሞ አዲስ እያለ ያምራል እንጂ ከተጣመመ በኋላ እየታከከ መንገዱን ሙሉ ሲያንጫርር ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ በጠበበ ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ላይ የተጨማሪ ነገር ብዛት መጥፎ ምልክት ነው። 17,500 ብር ለሾክም ለዲስክም ለ21 ጊርም ሲከፋፈል፣ ለኩሽኔታና ለቸርኬ የሚደርሰው ምን ያህል እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት።

ሁለተኛው ከአውሮፓ ያገለገለ የአሉሚኒየም ኮርሳ ነበር። በሁለት ጣት ይነሳል። ወደድኩት፤ አልዋሻችሁም፣ ሌሊት በሕልሜ መጣ። 31 ሺህ ብር። ሰውዬው "ለአንተ 28" አለኝ። ዕቁብ ላውጣ፣ ከእህቴ ልበደር እያልኩ ማታ ስቆጥር አደርኩ።

ሦስተኛው የአሮጌ ብረት ኮርሳ ነው። ስሙ ተልጦ ጠፍቷል። የጊር መቀየሪያው እንደ ዘመኑ ከፍሬኑ ጋር ሳይሆን ፍሬሙ ላይ የተሰኩ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ናቸው፤ ሰንሰለቱ ዝጓል። 12 ሺህ ብር።

ጠዋት የአሉሚኒየሙን ልከፍል ስነሳ ምን እንዳሳሰበኝ እንጃ፣ ቦንጋ ያሉትን ጎሚስታ ጋሼ ደወልኩላቸው። የባጃጅም የሞተርም ጎማ የሚሠሩልን እሳቸው ናቸው። ሰላምታውን ጨርሰን ነገሩን ስነግራቸው ስለ ዋጋው አልጠየቁኝም። "ቫልቩ ቀጭኑ ነው ወፍራሙ?" አሉኝ።

"ቀጭኑ ነው ጋሼ።"

"የእኔ ኮምፕሬሰር አይነፋውም ልጄ። ጎማው ስንት ነው?"

"700 በ23።"

"የእሱ የውስጥ ጎማ እዚህ የለም። ጅማም ማግኘትህን እንጃ። ፍሬሙስ ብረት ነው?"

"አሉሚኒየም ነው።"

ትንሽ ዝም አሉ። "እሱ ከተሰበረ እዚህ የሚበይድልህ የለም። አንተ ያውቅከው።"

ሁለት ቀን ሙሉ መርካቶን ስዞር ያልጠየቅኩትን በሁለት ደቂቃ ጨረሱልኝ። እኔ ስመርጥ የነበረው አዲስ አበባ ውስጥ የሚያምረውን ነበር። ሳይክሉ የሚኖረው ግን ቦንጋ ነው፣ ዓመቱን አብዛኛውን ዝናብ በሚያገኝ አገር፣ ጋሼ በሚጠግኑበት ዕቃ። ስለዚህ የመጀመሪያ ኮርሳ ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ምክሬ ይሄው ነው፤ ሻጩን ከማናገራችሁ በፊት ሰፈራችሁ ያለውን ጎሚስታ ጠይቁ።

ወደ አሮጌው ብረት ተመለስኩ። እንዴት እንዳየሁት በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ገንዘብ የሚያስጥለው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ልኩ። የሳይክል ፍሬም እንደ ጫማ ቁጥር አለው። እኔ ቁመቴ 1.74 ነው፤ ለእንደኔ ያለ ሰው 54 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይስማማዋል። ሻጮች ግን ያላቸውን ነው የሚያስማሙት፤ አንዱ 60 የሚሆን አምጥቶ "ኮርቻውን ዝቅ ማድረግ ነው" ብሎኝ ነበር። ኮርቻ ዝቅ ይላል፣ ፍሬሙ ግን አያጥርም፤ መሪው ላይ ለመድረስ ስትለጠጡ ወገብና አንገት ይከፍላል። የላይኛውን ብረት በእግሮቻችሁ መሐል አድርጋችሁ ቁሙ፤ በብረቱና በእናንተ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ካልገባ ተዉት። ሌላው ሁሉ ይቀየራል፣ ልክ አይቀየርም።

ቀጥሎ ፍሬሙ። ቀለም የተቀባ ነገር ብረት ይሁን አሉሚኒየም በዓይን አይለይም፤ ትንሽ ማግኔት በኪሳችሁ ብትይዙ ይለይላችኋል። ብረት ከሆነ ዝገቱን ከላይ ሳይሆን ከሥር፣ የፔዳሉ ዘንግ የሚገባበት ቦታ ላይ ፈልጉት። ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሳይክሉን ገልብጬ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርግ ሻጩ "ወንድሜ፣ ልትገዛ ነው ወይስ ልትመረምር?" አለኝ። ሁለቱንም አልኩት። የላይ ላይ ዝገት ብቻ ነበር። የፊተኛው ሹካ ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ወይም ቧንቧው አበጥ ብሎ ካያችሁ ያ ሳይክል ተጋጭቷል፤ በነጻም አትውሰዱት።

ቸርኬውን አሽከርክሩና በፍሬን ላስቲኮቹ መሐል ሲያልፍ ተመልከቱ፤ ወዲያ ወዲህ ካለ ራጂ ማጥበቅ ይፈልጋል፣ ቀላል ነው። ጎማውን ይዛችሁ ወደ ጎን ስታወዛውዙት ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው ነው፤ እሱም ይሠራል፣ ግን ከዋጋው ላይ አስቀንሱበት። ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩት። አሥራ ሁለት ሙሉ ማያያዣ አዲስ ሲሆን 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 30.8 ከደረሰ ሰንሰለቱ ብቻ ሳይሆን የኋላ ጥርሶቹም ተበልተዋል። የእኔ አልፎም ሄዷል። ስለዚህ የሁለቱን ዋጋ ደምሬ ነው የተከራከርኩት፤ በ10,500 ተስማማን።

የጥርሱ መበላት እንዲያውም ጠቀመኝ። እነዚህ አሮጌ ኮርሳዎች ለውድድር ስለተሠሩ ጊራቸው ለጀግና ነው። የእኔዋ ከፊት 52 እና 42 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 23 ነበር። በቀላሉ ጊር እንኳ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞሩ ሳይክሉ ወደ 4 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከጎጀብ ወንዝ ወደ ቦንጋ ያለውን ዳገት በመኪና የወጣ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በተራ የቻይና ሳይክል ላይ የሚገጠመው ባለ 6 ጥርስ፣ ከ14 እስከ 28 ያለው፣ መርካቶ እንደ ልብ ይገኛል፤ በእንደዚህ ያለ አሮጌ የኋላ ቸርኬም ላይ ይጠመዘዛል። እሱን ስገጥም አንድ ዙሩ ወደ 3.2 ሜትር ወረደ። ትንሽ ይመስላል፣ ጉልበት ላይ ግን ትንሽ አይደለም።

ጎማውን 32 ሚሊ ሜትር አደረግኩት። ፍሬሙ በመጀመሪያ ለ27 ኢንች ጎማ የተሠራ ሆኖ በኋላ ነው 700 የተገጠመለት፤ በሁለቱ መካከል የ4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስላለ ለወፈር ያለ ጎማ ቦታ ተረፈው። ዘመናዊዎቹ ውድድር ሳይክሎች ላይ 6.8 ኪሎ ከሚለው የክብደት ወለል በታች አትውረዱ የሚል ሕግ አለ አሉ። የእኔዋ አሥራ ሁለት ኪሎ ሳትደርስ አትቀርም፤ ሕግ የምንጥስ አይደለንም።

ሒሳቡን ለሚጠይቁኝ፦ ሳይክሉ 10,500፣ የኋላ ጥርስና ሰንሰለት 1,600፣ ሁለት ጎማ 2,400፣ አራት የውስጥ ጎማ 1,000 (ለመጠባበቂያ ነው፣ ቦንጋ ስለሌለ)፣ የፍሬን ላስቲክና ሽቦ 450፣ ሄልሜት 1,200፣ የአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ጭነት 500። ድምር 17,650። በቀረችው 350 ብር ጅማ ላይ ምሳ በላሁ።

ጋሼ ሳይክሉን እንዳዩት ከቸርኬው ጀመሩ። የቫልቩን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አስፍተው፣ ጠርዙን በሞረድ አለሰለሱና ወፍራሙን ቫልቭ አስገቡበት። አሁን የባጃጅ ኮምፕሬሰር ይነፋዋል። አልከፈሉኝም አልልም፣ ከፍያለሁ፤ ግን ከእኔ የበለጠ የተደሰቱት እሳቸው ይመስሉኛል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ "ጋዜጠኛው ከሰረ መሰለኝ፣ ሳይክል ጀመረ" ተብሏል። መኪና የሌለው ሰው ሳይክል ሲገዛ ወደ ታች የወረደ እንደሚመስል አላወቅኩም ነበር።

ለሁለት ሳምንት ውሽውሽ እየተመላለስኩ ተለማመድኩ። ከዚያ የካቲት ላይ፣ መንገዱ ደርቆ ሳለ፣ ወደዚያች ቀበሌ ወጣሁ። ኮርሳ ለማንኪራ መስመር አይደለም፤ እሱን አልክድም። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ጠጠሩ ላይ ንፋሱን ቀነስ አድርጌ ዝግ ብዬ ሄድኩ፣ የከፋውን ዳገት እየገፋሁ በእግሬ ወጣሁ። በመኪና የሄድኩ ዕለት ያ ዳገት መኖሩንም አላስተዋልኩም። ሳይክል ስትገፉ ሰው ያናግራችኋል። ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ፣ ምን ሆኖ ነው ይሄ ሳይክል ሾክ የሌለው። ከዳገቱ ጫፍ ሳልደርስ ቦኖው መቼ እንደቆመ፣ የፓምፑ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ፣ ለማን ስንት ጊዜ እንደተነገረ ከአራት ሰው ሰምቼ ጽፌያለሁ። የዚያን ዕለት ከመኪናው ወርጄ ያናገርኩት ሰው ሁለት ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ያመጡልኝ አስተናጋጆቹ ናቸው።

ቦኖው ጋ ደረስኩ። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ ምንም የለም። የምርቃቱ ሪባን ቁራጭ አጥሩ ላይ አሁንም ታስሮ አለ፣ ቀለሙ ለቋል። ፎቶ አነሳሁ። ልመለስ ሳይክሌን ሳነሳ የኋላ ጎማው ተንፍሷል።

ቁጭ ብዬ ፈታሁት፣ የውስጥ ጎማውን አውጥቼ ነፋሁ። ቀዳዳው አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም። እንዲህ ሲሆን ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ማየት ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም። ዙሪያዬን የከበቡኝ ልጆች ይሄን ያውቃሉ። አንዷ፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከቤታቸው ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጣች። ከግማሽ በታች ነው ያለው።

"ከየት ነው የቀዳሽው?" አልኳት።

በአገጯ ታች ሸለቆውን አሳየችኝ። "ጠዋት ነው የወረድነው" አለች።

በእጄ መዳፍ ትንሽ አፍስሺልኝ አልኳት። ጎማውን ዙሪያውን በርጥብ ጣቴ እየዳሰስኩ፣ ጣት በጣት እያለፍኩ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ መዳፌን አርጥባልኛለች። ቀዳዳውን ያገኘሁት ቫልቩ አጠገብ ነው። ማስቲሹ እስኪደርቅ ማስታወሻዬን አወጣሁና ከሸለቆው ወጥቶ ለመመለስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት ጠየቅኳት።